የተማረ ይግደለኝ

«የተማረ ይግደለኝ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት ያልሰማ የለም። ሐኪም ፊት የተቀመጠ ገበሬ ይለዋል፤ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ያስገባ አባት ይለዋል፤ ትናንት በጭቃ ሲጫወት የሚያውቀው ብላቴና ዛሬ ተሹሞ ሲቆጣው አንገቱን የሚደፋ ሽማግሌም በሆዱ ይለዋል። ስነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን «ይህ አባባል አድናቆት ነው ወይስ ምሬት?» እያልኩ ተማሪዎቼን ማከራከር እወድ ነበር። ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። ገሚሱ «ለእውቀት ያለንን ክብር ያሳያል» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «ኧረ መምህር! መሞት ላይቀር ገዳይን ማማረጥ ምን የሚሉት ክብር ነው?» ይላል።

ሁለቱም ወገን የራሱ እውነት አለው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሦስተኛው ነገር ነው። ተረቱ ስለ ሟቹ ይናገራል እንጂ ስለ ገዳዩ አንድም ቃል አይተነፍስም። የተማረው ሰው ከገደለን በኋላ ምን ዕዳ አለበት? እንዴት እንደገደለን ሊነግረን ይገባል ወይስ ሰይፉን ጠርጎ መሄድ ይችላል?

ነገሩ እንዳይከብድባችሁ፣ መግደልም መሞትም በቀን ሃምሳ ጊዜ ወደሚሆንበት ቦታ ልውሰዳችሁ። ጌም ቤት!

አውቃለሁ፤ በዚህ ዘመንና በዚህ አካባቢ «ሞት» የሚለውን ቃል ለጨዋታ ማንሳት ይከብዳል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል ውጊያው ከተቀጣጠለ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ በብዙ ደጃፍ ድንኳን ተተክሏል። እኔ የማወራው ግን የሞተው ልጅ ተነስቶ ሂሳቡን ስለሚከፍልበት ሞት ነው። ሞት ሁሉ እንዲህ ያለ ቢሆንልን ምንኛ በወደድኩ!

ደብረ ማርቆስ ይሁን ፍኖተ ሰላም፣ ደጀን ይሁን ቢቸና፣ ከተማ ያደገ ልጅ ቤቱን ያውቀዋል። በሩ ላይ መጋረጃ፣ ውስጡ ጨለም ያለ፤ ሁለት ወይ ሦስት ቴሌቪዥን፤ አንድ አግዳሚ ወንበር፤ ገመዱ በፕላስተር የተጠቀለለ ጆይስቲክ። ከሁለቱ ተጫዋቾች ጀርባ አሥር ተመልካች ቆሞ ይመክራል፣ ይሳደባል፣ ይስቃል። መብራት ሲጠፋ ቤቱ በአንድ ድምፅ «ኧረረረ!» ይላል። የብዙዎቹ ቤቶች ሕግ ደግሞ አጭር ነው፤ ያሸነፈ ይቀመጣል፣ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሳል።

እግር ኳሱ ብዙ ወዳጅ አለው። እኔን የገረመኝ ግን ድብድቡ ነው፤ ከድብድቦቹም «ቴከን» የሚሉት። የጃፓኑ ናምኮ ኩባንያ ይህን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1994 አወጣው፤ ሦስተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1998 ፕሌይስቴሽን ላይ ሲመጣ ደግሞ በዓለም ዙሪያ ገነነ። አሠራሩ ላስተዋለው ሰው ግልጽ ነው። ጆይስቲኩ ላይ አራት ቁልፎች አሉ፤ አራቱም የተፋላሚው እጆችና እግሮች ናቸው። አራት ማዕዘኗ ግራ እጅ፣ ሦስት ማዕዘኗ ቀኝ እጅ፣ ኤክሷ ግራ እግር፣ ክቧ ቀኝ እግር። በቃ። የቀረው ሁሉ እነዚህን አራቱን በምን ቅደም ተከተልና በምን ቅጽበት መጫን እንዳለባችሁ ማወቅ ነው።

ከተፋላሚዎቹ አንዱ ኤዲ ጎርዶ ይባላል። ብራዚላዊ ነው፤ ካፖኤራ በሚባለው የአገሩ ጥበብ ይፋለማል። ኤዲ የጀማሪ ሁሉ ወዳጅ ነው። ለምን ቢባል፣ የእግሮቹን ቁልፎች በቆሎ እንደሚፈለፍል ሰው ዝም ብሎ ለሚጫን እንኳ በእጁ ቆሞ እንደ እንዝርት ይሾርለታል። አንዱ እርግጫ ካልያዘ ሌላው ይይዛል። አይቶት የማያውቅ ባላጋራ የሚገባበት ይጠፋዋል። ብዙ ልጅ ሳይማር ያሸነፈው በኤዲ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለው ተጫዋች ሲያሸንፍ ለምን እንዳሸነፈ አያውቅም። ብትጠይቁትም የሚነግራችሁ የለውም። አሥር ጊዜ ብትሸነፉለት አሥር ጊዜ ትናደዳላችሁ እንጂ አትማሩም። ያወቀ ሰው ሲጥላችሁ ግን ሌላ ነው። ሽንፈቱ ሥርዓት አለው፤ ሥርዓት ያለው ነገር ደግሞ ይጠናል። ሦስተኛ ጊዜ ስትወድቁ «አሃ! ይህቺን ስሰነዝር ነው የሚያገኘኝ» ትላላችሁ። «የተማረ ይግደለኝ» ማለት ለካ ይህ ነው! ከተማረ እጅ የመጣ ሞት ውስጡ ትምህርት አለው።

እስቲ አንድን ተፋላሚ መማር ምን እንደሚመስል ላስረዳችሁ። መጀመሪያ ነጠላ ምት ነው። ከፍ ብሎ የሚመጣ ምት አለ፤ ጎንበስ ብላችሁ ታሳልፉታላችሁ። በመሐል የሚመጣ አለ፤ ቆማችሁ ትመክታላችሁ። ዝቅ ብሎ የሚመጣ አለ፤ ቁጢጥ ብላችሁ ትመክታላችሁ። ቀጥሎ ምቶቹን ማያያዝ ይመጣል፤ ልጆቹ «ኮምቦ» የሚሉት ይህን ነው። አንዷ ምት ባላጋራን ወደ ላይ ታነሳዋለች፤ ገና አየር ላይ ሳለ ሌላዋ ትቀበለዋለች፤ ሦስተኛዋ መሬት ሳይነካ ትደግመዋለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው በዓይን ጥቅሻ ነው። ጨዋታው በአንድ ሰከንድ 60 ምስል ያሳልፋል። ሚሺማ የሚባሉት ቤተሰብ ተፋላሚዎች አንዲት የታወቀች ቡጢ አለቻቸው፤ የአቅጣጫው ቁልፍና የቡጢው ቁልፍ በአንዷ ስድሳኛ ሰከንድ ውስጥ እኩል ካልተገናኙ በሙሉ ኃይሏ አትወጣም። ይህን ማንም በጭንቅላቱ አስቦ አይደርስበትም። ጣት ነው የሚማረው፤ ያውም በሺህ ድግግሞሽ።

የኮምቦ አወላለዱም የሚገርም ነው። «ስትሪት ፋይተር 2» የተባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሠራ፣ ኖሪታካ ፉናሚዙ የሚባለው የካፕኮም ኩባንያ ሰው አንዱን ክፍል ሲፈትሽ ምቶች ባላሰቡት መንገድ ሲያያዙ አየ። ማንም ያቀደው ነገር አልነበረም። ቅጽበቷ ጠባብ ስለሆነች ብዙ ሰው አይጠቀምባትም ብለው ሳያጠፏት ተዉአት። ተጫዋቾች ግን ደረሱባት፤ አንዱ ለአንዱ አሳየ፤ ያልታሰበው ነገር የድብድብ ጨዋታ ሁሉ ልብ ሆኖ ቀረ። «አንዱ ለአንዱ አሳየ» የምትለዋን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በቴከን ውስጥ ደግሞ «አሥር ምት» የሚባሉ ረጃጅም ቅጥልጥሎች አሉ። አንዴ ከተሸመደዱ አሥር ቡጢና እርግጫ እንደ ዳዊት ይወርዳሉ። አዲስ ሰው ፊቱ ይጠቁራል። ችግሩ ሌላውም የሚያውቃቸው መሆኑ ነው። ስድስተኛዋ ላይ ጎንበስ፣ ስምንተኛዋ ላይ መከት ማለትን የተማረ ባላጋራ ሸምዳጁን እዚያው ሐረጉ መሐል ያስቀረዋል። የሸመደደ ሰው የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ መንገዱ ከተዘጋበት አገሩ ይጠፋዋል። የሠለጠነው ግን ባላጋራው እንደሚሆነው እየሆነ፣ የሚያውቃቸውን ቁርጥራጮች እዚያው በዚያው እያገጣጠመ አዲስ ይፈጥራል።

የጎጃም አንባቢዬ እዚህ ላይ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ይህን ነገር እናውቀዋለና! የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ ግሱን ያጠናል፤ አገባቡን ይማራል። ከዚያ በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ደረጃ በደረጃ እያደገ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ከመምህሩ የሰማውን መንገድ ይዞ ጥሻ ሥር ወይ አለት ጥግ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል። በመጨረሻ ዘራፊ ይሆናል፤ ጉባኤ መሐል ቆሞ ለዕለቱ የሚሆን ቅኔ እዚያው ይፈጥራል። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። «አሥር ምት» ሸምድዶ የመጣ ተማሪ ዋሸራም ሆነ ጎንጅ፣ ዲማም ሆነ ደብረ ኤልያስ አያልፍም።

«ኧረ አንተ ሰውዬ! የሊቃውንቱን ማዕድ ከጌም ቤት ጋር?» የሚለኝ አይጠፋም። ማዕዱን አላመሳሰልኩም። ቅኔ ከእግዚአብሔርና ከአገር ጋር የሚነጋገር ጥበብ ነው፤ ቴከን ጨዋታ ነው። እኔ የማመሳስለው የሰውን ልጅ አማማር ነው። ጣት ቡጢ ሲማርና ልብ ቅኔ ሲማር የሚሄዱበት መንገድ አንድ ነው፤ ነጠላውን ማወቅ፣ ማያያዝ፣ መደጋገም፣ በመጨረሻም ከተደጋገመው ነፃ መውጣት። ይህን መንገድ አንዴ የሄደ ልጅ፣ የሄደበት ጉዳይ ትንሽ ቢሆን እንኳ፣ መማር ምን እንደሆነ አውቋል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። አንድ የክረምት ከሰዓት የእህቴን ልጅ ፍለጋ ከአንዱ ጌም ቤት ገባሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ልጆቹ «ጋሼ እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ» ብለው ከአግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁልኝ፤ ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ 14 ዓመት የሚሆነው ልጅ ጋቢ ለብሶ ይጫወታል። ከተቀመጠ ማንም አላስነሳውም። ጆይስቲኩን ጋቢው ውስጥ ከትቶታል። ለብርድ ነው እንዳትሉ። ጣቶቹን ማንም እንዳያይበት ነው!

የሊስትሮ ሳጥኑን እግሩ ሥር ያስቀመጠ አንድ ትንሽ ልጅ ተራው ደርሶ ተቀመጠ፤ ሞተ፤ ከፈለ። ደግሞ ተቀመጠ፤ ሞተ፤ ከፈለ። ሦስተኛው ላይ «አንተ፣ ያቺን ወደ ላይ የምታነሳዋን ምት እንዴት ነው የምታወጣት?» ብሎ ጠየቀ።

«ራስህ ድረስባት!»

የቤቱ ባለቤት በሳቅ ፈረሰ። «ሙያ በልብ ነው!» አለ። ወደ ቤት ስንመለስ የእህቴን ልጅ «ቢያሳየው ምን ነበረበት?» አልኩት። «ጋሼ ደሞ! ካሳየው እኮ ነገ ከፋዩ እሱ ነው የሚሆነው» አለኝ።

አያችሁት ጥያቄውን? ለተጋጣሚህ ምትህን ታስተምረዋለህ ወይ?

በባለ ጋቢው ልጅ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ጥሩ ጥሩ መከራከሪያ አለው። አንደኛ፣ ያቺን ምት ያገኛት በራሱ ላብ ነው፤ ስንት ቀን የቁርሱን ሳንቲም አፍስሶባታል። ሁለተኛ፣ ሊስትሮው ተማሪው አይደለም፤ ባላጋራው ነው። ሦስተኛ፣ ላስተምርህ ብሎ ቃል አልገባለትም። ሕጉ «ያሸነፈ ይቀመጣል» ነው የሚለው፤ «ያሸነፈ ያስረዳል» አይልም። ጠበቃ ቢያቆም ይረታል።

ደግሞስ ከማን ተማረው? ከእኛው ነው። «ሙያ በልብ ነው» የምንል ሰዎች ነን። የድልሁን ልክ ለምራታቸው የማይነግሩ ባልቴት አሉ። የቅጠሉን ዓይነት ለልጁ እንኳ ሳይናገር መቃብር የወረደ መድኃኒት አዋቂ በየቀበሌው አለ፤ ለስንቱ በሽተኛ ይሆን የነበረ ነገር ከእሱ ጋር አፈር ገባ። ፋይሉ የት እንዳለ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ የሆነበት መሥሪያ ቤት ገጥሟችሁ አያውቅም? እሱ ፈቃድ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱም አብሮት ፈቃድ ይወጣል። ወረቀቱ ቢጫ የሆነ ማስታወሻውን እንደ ታቦት ሸፍኖ የሚያስተምር፣ የጠቀሰውን መጽሐፍ ስም ተማሪ እንዳይደርስበት የሚውጥ መምህርም አይቻለሁ። ሁሉም ጋቢ ለብሰዋል። ልዩነቱ ልጁ የሚያስከፍለው የአንድ ጨዋታ ዋጋ መሆኑ ነው፤ እነዚህ የሚያስከፍሉት ዕድሜ ነው።

እንግዲህ መልሴን ልስጥ። ለባለ ጋቢው ልጅ ባወራው የምለው እንዲህ ነው፦ ልጄ፣ ጋቢው ውስጥ ያለው ነገር ወይ ዘዴ ነው ወይ ችሎታ። ዘዴ ከሆነ ሳይታወቅ እስካለ ድረስ ብቻ ይሠራል፤ በታየ ማግስት ይሞታል። የደበቅከው ስለ ደከመ ነው። ችሎታ ከሆነ ግን ብታሳየውም አይወሰድብህም። ቁልፎቹን ለሊስትሮው ብትነግረው ነገ ቁልፎቹን ያውቃል፤ ቅጽበቷን ግን አያውቅም። መቼ እንደምትወጣ፣ መቼ እንደማትወጣ፣ ስትመከት ምን እንደሚከተል አያውቅም። ያንን ጣቱ ነው የሚማረው። ጎረቤት መጥቶ ፍም ቢጭር ምድጃችን አይጠፋም፤ እናቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ይበልጣል። የሚደብቅ ሰው ትልቁን የሚጎዳው ራሱን ነው። ሁልጊዜ ከማያውቅ ጋር ስለሚጋጠም እዚያው ባለበት ይቀራል። «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» እንዲሉ፣ የአንዲት ክፍል ንጉሥ ሆኖ ያረጃል። ሊስትሮው ምቷን ቢማርና መመከት ቢጀምር ባለ ጋቢው ሌላ መፈለግ ይኖርበታል። ያኔ ነው ተጫዋች የሚሆነው።

ይህን ከኪሴ አውጥቼ የምናገረው አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ጃፓን ፉኩኦካ ላይ በተደረገው «ኢቮ ጃፓን» የቴከን 7 ውድድር ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶት የማያውቅ አርስላን ሲዲቅ የሚባል የፓኪስታን ወጣት ዋንጫውን ወሰደ። ከላሆር ከተማ ነው፤ ጃፓን እስኪደርስ ጉዞው እንግልት የበዛበት ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላስ ቬጋስ ላይ ዋናውን «ኢቮ» ደገመ፤ በፍጻሜው ያሸነፈው ኒ የሚባለውን የኮሪያ ዝነኛ ነው። ዓለም «ይህ ሰው ከየት መጣ?» ሲል እሱ የሰጠው መልስ አገሬ ውስጥ ሌሎችም ብርቱዎች አሉ የሚል ነበር። ጉራ የመሰለው ሰው ነበር። ነገር ግን የ2022ቱን የቴከን የዓለም ዙር ፍጻሜ ያሸነፈው አቲፍ በት የሚባል ሌላ ፓኪስታናዊ ሆነ። ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። አርስላንን አርስላን ያደረገው የደበቀው ምት አይደለም። እዚያው በመንደር ጌም ቤት ዕለት ዕለት የሚገድሉትና የሚገድላቸው ባላጋራዎች ነበሩት። ብርቱ ሰው ብቻውን አይበቅልም፤ እንደ ጤፍ በብዛት ነው የሚበቅለው። ጋቢ ለብሶ የሚጫወት ከተማ አንድ አሸናፊ ሊኖረው ይችላል፤ ሻምፒዮና ግን አያፈራም።

«መደበቅስ ጥበብ የሚሆንበት ጊዜ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። ለዚህ ደግሞ የኤዲ ጎርዶን ካፖኤራ ልጥራ። ይህን ጥበብ ያመጡት ከአፍሪካ በባርነት ተግዘው ብራዚል የገቡ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። በከበሮና በዘፈን ታጅቦ የሚደረግ ስለሆነ ለተመልካች ጭፈራ ይመስላል፤ ትግልነቱን ከጌቶች ዓይን ለመሰወር እንዲያ እንዳደረጉት ይነገራል። በእኛ አባባል ሰሙ ጭፈራ፣ ወርቁ እርግጫ! የብራዚል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1890 ባወጣው የወንጀል ሕግ ከለከለው፤ እስከ 1930ዎቹ ድረስ በነፃነት አደባባይ አልወጣም። ታዲያ እነዚያ ሰዎች ከማን ነበር የደበቁት? ከጌታውና ከፖሊሱ። እርስ በርሳቸው ክብ ሠርተው፣ እያጨበጨቡ ያስተምሩ ነበር። እርስ በርሳቸውም ቢደባበቁ ኖሮ ካፖኤራ ዛሬ ስሙም አይታወቅም ነበር፤ የደብረ ማርቆስ ልጅም በኤዲ አይጫወትም ነበር። ከሚጨቁንህ መደበቅ ጥበብ ነው፤ ከወንድምህ መደበቅ ንፍገት ነው። የእኛ ጣጣ ሁለቱን መቀላቀላችን ነው። ሊስትሮው መቼ ጨቆነን?

ሌላም ገደብ አለ። የቅኔ መምህር ለጀማሪው መወድስ አይሰጠውም። ይህ መደበቅ አይደለም፤ ሥርዓት ነው። «ገና ነህ» እና «አይገባህም» የተለያዩ ቃላት ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ይቆርጣል፤ ሁለተኛው በር ይዘጋል። ጠያቂውም የራሱ ድርሻ አለበት። ቁልፎቹን ተነግሮት አንድ ቀን እንኳ ሳይለማመድ «አልሠራልኝም» የሚል ሰው ትምህርት አልጠየቀም፤ ምጽዋት ነው የጠየቀው። ከተማረም በኋላ ከማን እንደተማረ መናገር አለበት። የቅኔ ሰው ከየትኛው መምህር እግር ሥር እንደተቀመጠ ሲጠየቅ ስሙን በኩራት ይጠራል። የሚያሳይ ሰው ዋጋው ይህች ብቻ ናት፤ እሷንም ከነፈግነው ጋቢውን ቢለብስ ምን እንፈርድበታለን?

ምሁር ያልነው ሰው ሁሉ ደባቂ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ሐዲስ ዓለማየሁ የዚሁ የደብረ ማርቆስ አካባቢ የእንዶዳም ልጅ ናቸው፤ ቅኔውን በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ቀስመዋል። የቀሰሙትን ግን ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩትም። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የቆሎ ተማሪውን ኑሮ፣ የሊቃውንቱን ዓለም፣ የባላባቱን ቤት ወለል አድርገው ከፍተው ዲማን ላላየ አንባቢ ሁሉ አሳዩት። የቅኔው ሊቅ መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬም የቀደሙትን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው «መጽሐፈ ቅኔ» ብለው አሳትመዋል። ቃል ሆኖ ከባለቤቱ ጋር ሊቀበር የነበረው ነገር ለማንም አንባቢ ተከፈተ። እነዚህ ሰዎች ስላሳዩ ምን ጎደለባቸው? ስማቸው ነው የተረፈው።

ስለዚህ ገዳዩ ዕዳ አለበት ባይ ነኝ። ዕዳው የሕግ አይደለም፤ ማንም ሊከሰው አይችልም። የሚመጣው ከራሱ ከእውቀቱ ነው። ምክንያቱም ማንም ብቻውን አልተማረም። ባለ ጋቢው ልጅም ቢሆን «በራሴ ላብ» ያላት ምት፣ መጀመሪያ አንድ ሌላ ልጅ በእሷ ጥሎት ነው መኖሯን ያወቀው። ከእሱ በፊት ደግሞ ሌላ፤ ከዚያም በፊት ሌላ፤ እየተጎተተ ያ ባልታሰበ መንገድ የተያያዘ ምት ዘንድ ይደርሳል። ከእጅ እጅ የመጣውን ነገር «እኔ ላይ ይቁም» ማለት ምንጩን ጠልፎ በራስ ጓሮ እንደ ማስቀረት ነው። ከታች ያለው ማሳ ይደርቃል፤ ጓሮውም ረግረግ ይሆናል።

ወላጆች ሁልጊዜ «ልጄ ጌም ቤት እየዋለ ምን ይሻለኛል?» ይሉኛል። ትምህርቱን ትቶ የሚውል ከሆነ ጎትታችሁ አውጡት፤ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ካወጣችሁት በኋላ አንድ ነገር ጠይቁት። «ዛሬ ስንቱን አሸነፍክ?» አትበሉት። «ዛሬ ለማን አሳየህ?» በሉት። «ለማንም» ካላችሁ ያስፈራችሁ። ነገ ሐኪም፣ መምህር፣ የመሥሪያ ቤት ሹም ሲሆን ጋቢውን ይዞት ነው የሚገባው።

እኔም ተረቱን አልጥለውም። ካልተማረ እጅ ከመውደቅ ከተማረ እጅ መውደቅ ዛሬም ይሻለኛል። ግን ጅራት ልቀጥልበት እወዳለሁ፦ የተማረ ይግደለኝ፤ ገድሎኝ ግን ዝም አይበለኝ።